የሸክላ ማዕድን ምንድን ነው? ምጣዱ እንጀራ አይሆንም

ሰሞኑን ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። «ሳይንቲስቶች ሕይወት ከሸክላ መፈጠሯን አረጋገጡ» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ እንደደረሰኝ መቁጠር ትቻለሁ። ከቪዲዮው ሥር አንድ አስተያየት ሰጪ፣ የአዳማ ልጅ ነኝ ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ «አዳማ ማለት እኮ በዕብራይስጥ አፈር ማለት ነው፣ ስማችን ራሱ ይመሰክራል» ብሏል። ዕብራይስጡስ ልክ ነው። የከተማችን ስም ግን ከኦሮምኛው «አዳሚ»፣ ከቁልቋሉ የመጣ ነው የሚባለው። እሱን ተውት።

እኔ እዚሁ አዳማ ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈር አፈር እመረምራለሁ። ሸክላ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ሰው ከአፈር ተፈጠረ ከሚለው ቅዱስ መጽሐፍ ጋር ጸብ የለኝም። እምነት የእኔን ላቦራቶሪ ማህተም አይጠብቅም። የእኔ ጸብ «ሳይንስ እንዲህ ብሏል» ተብሎ ሳይንስ ያላለው ነገር ሲነገር ነው።

የሸክላ ማዕድን የሲሊካ (ሲሊኮንና ኦክስጅን) እና የአልሙና (አልሙኒየምና ኦክስጅን) ንጣፎች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ በጣም ቀጭን ቅጠል ነው። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለውን ብትወስዱ፣ አንዱ ቅጠል ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። በአንዳንድ ቦታ አልሙኒየም መቀመጥ የነበረበት ላይ ማግኒዚየም ተቀምጧል። የማግኒዚየም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከአልሙኒየሙ በአንድ ስለሚያንስ ቅጠሉ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀራል። ያንን ለማካካስ በቅጠሎቹ መካከል ሶዲየም ወይም ካልሲየም ይገባል፣ ከነሱም ጋር ውኃ። የወንጂ ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው በዚህ ቤተሰብ ማዕድን ምክንያት ነው። ቤታችሁ ግድግዳው ከተሰነጠቀም እሱን ጠርጥሩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ከሸክላ» የሚለው «ከ» ነው ጉዱ። ሸክላ ማለት ሲሊኮን፣ አልሙኒየምና ኦክስጅን ነው። እኛ ደግሞ በዋናነት ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ነን። አልሙኒየም በሰውነታችን ውስጥ የሚታወቅ ሥራ የለውም። ሸክላው ተለውጦ እኛን ሆነ ከተባለ አልሙኒየሙ የት ገባ? ኬሚስቶቹ ያሉት ሌላ ነው። ሸክላው ጥሬ ዕቃ ሳይሆን ሥራው የተሠራበት ቦታ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት።

ምጣድን አስቡ። እንጀራ ያለ ምጣድ አይጋገርም። ግን ምጣዱ እንጀራ አይሆንም። ዛሬ ጋግሮ ነገም እዚያው ይቀመጣል። ካታሊስት፣ ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ውህደት የሚያፋጥን፣ የሚባለው ይሄ ነው።

ምጣድ ለምን አስፈለገ? አንድ ብርጭቆ ሊጥ ቆቃ ሐይቅ ላይ ብትደፉ እንጀራ አታገኙም፣ በኖ ይቀራል። በጥንቱ ውቅያኖስ የነበሩ የካርቦን ሞለኪውሎችም ችግራቸው እንዲሁ ነው፤ ተበትነዋል፣ አይገናኙም። የፊዚክስ ሊቁ ጆን በርናል በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሸክላ ሞለኪውሎቹን ገጹ ላይ ይሰበስባቸዋል ያለው ለዚህ ነው። ገጹ ደግሞ ቀላል አይደለም። 1 ግራም ሞንትሞሪሎናይት፣ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። 200 ካሬ ቦታ ለማግኘት ስንት ዓመት የተሰለፈ ሰው ይፍረደኝ።

ሐሳብ ብቻም ሆኖ አልቀረም። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ፌሪስና ባልደረቦቹ የአር ኤን ኤን (የዘር መረጃ የሚሸከም ሰንሰለታማ ሞለኪውል ነው) ቁርጥራጮች ከሞንትሞሪሎናይት ጋር አዋህደው እርስ በርስ ሲያያዙ አይተዋል። በ1996 ባወጡት ሥራ፣ በየቀኑ አዲስ ቁርጥራጭ እየጨመሩ ከ50 በላይ ቁርጥራጭ የተያያዘበት ሰንሰለት አግኝተዋል። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም።

ግን ቪዲዮው ያልነገራችሁ ሦስት ነገር አለ፣ ሦስቱም ከምጣድ ቤት ነው።

አዲስ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን የሚጋግር አለ? መጀመሪያ በጎመን ዘር ይሟሻል። የፌሪስ ሸክላም ተሟሽቷል። በአሲድ ታጥቦ፣ በቅጠሎቹ መካከል የያዘው ልዩ ልዩ ብረት (ካልሲየምን የመሰለ) ወጥቶ፣ በሶዲየም ተተክቷል። ያም ሆኖ ሁሉም ሞንትሞሪሎናይት አይሠራም። ከአንዱ ቦታ የመጣው ይጋግራል፣ ከሌላው የመጣው ይለግማል።

ሁለተኛ፣ ሊጡ አስቀድሞ የቦካ ነበር። ኬሚስቶቹ የተጠቀሙት ተራ ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ ቁርጥራጭ) አልነበረም፤ ኢሚዳዞል የሚባል አጋዥ ኬሚካል የተገጠመለት፣ ለመያያዝ የተዘጋጀ ነው። ያልቦካ ሊጥ ምጣዱ ላይ ብትጥሉት ቂጣ ቢሆን እንጂ እንጀራ አይሆንም። በጥንቷ ምድር ሊጡን ምን አቦካው? ትልቁ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፣ ሸክላው ደግሞ ይህን አይመልስም።

ሦስተኛው ሁሉም ጋጋሪ የሚያውቀው ነው፤ ምጣድ ይይዛል። ሸክላ ኔጋቲቭ ነው፣ አር ኤን ኤም ኔጋቲቭ ነው፤ መካከል ላይ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ድልድይ ሆኖ ያጣብቃቸዋል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር አጥብቆ ይለጠፋል። የተለጠፈ እንጀራ ደግሞ ሰፌድ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጥሩ ሸክላ የሚይዝም የሚለቅም መሆን አለበት። በዚህ ላይ ብዙ አይወራም።

ምሳሌውን ከዚህ በላይ ብጎትተው ይበጠሳል። ለምሳሌ ምጣድ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ሸክላው ግን ያንን አይደለም የሚሠራው። ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ምጣዱ ራሱ ከተተኮሰ በኋላ የሸክላ ማዕድን አይደለም። ካኦሊናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ በውስጡ የታሰረው ውኃ ይወጣና ቅጠሉ ይፈርሳል። መልሳችሁ ብትዘፈዝፉትም ጭቃ አይሆንም።

ሌላ ያልተጠየቅኩትን ልጨምር። በእኛ ሙያ «ሸክላ» ሁለት ነገር ነው። አንዱ መጠን ነው፤ ከ2 ማይክሮሜትር ያነሰ ቅንጣት ሁሉ፣ የተፈጨ ድንጋይም ቢሆን። ሁለተኛው ማዕድኑ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ኮንትራክተር ሪፖርት ላይ የሸክላውን በመቶኛ ብቻ አይቶ፣ አፈሩ ያብጣል ብሎ ግማሽ ሜዳ አስቆፈረ። ማዕድኑ ካኦሊናይት ነበር። እሱ ብዙም አያብጥም። ስለ ሕይወት አመጣጥ ሲወራም ይኸው ስህተት ይደገማል። የትኛው ሸክላ? በየትኛው ብረት የተሟሸ? ይህ ካልተነገረ ምንም አልተነገረም።

ይህን ስመልስለት አስተያየት ሰጪው ግን ዝም ብሎ አልቀረም። «ሸክላው ራሱ የመጀመሪያው ዘረመል ነው ያለ ሳይንቲስት አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ግራሃም ኬርንስ-ስሚዝ በ1966 ያንን ሐሳብ አቅርቧል። ክሪስታል ሲያድግ በላዩ ያለውን እንከን ለሚቀጥለው ንብርብር ያወርሳል፣ ውርስ በዚህ ጀመረ ባይ ነው። ውብ ሐሳብ ነው። ግን እሱም ቢሆን ሸክላው ሥራውን ለካርቦን ሞለኪውሎች አስረክቦ ወጣ ነው ያለው፤ ሥጋ ሆነ አላለም። ማስረጃውም ቀጭን ነው። በ2007 የታተመ አንድ ሙከራ ውርሱን በሌላ ክሪስታል ፈትኖት፣ አዳዲስ ስህተቶች እየተጨመሩ ውርሱን ሲያበላሹት ታይቷል። ያም ሸክላ ስላልነበረ ነገሩ ተዘጋ አልልም።

ስለ ሕይወት አመጣጥ የሚመራመረውን የጃክ ሾስታክን ላቦራቶሪ የ2003 ሥራ ግን እወደዋለሁ። ሞንትሞሪሎናይት ሲጨመር የፋቲ አሲድ (የስብ አካል የሆነ ሞለኪውል) ከረጢቶች በጣም ፈጥነው ተሠሩ፣ ሸክላው ላይ የተለጠፈውም አር ኤን ኤ አብሮ ከረጢት ውስጥ ገባ። ይህም «ሴል ተፈጠረ» ተብሎ ተወርቷል። ሴል አይደለም፣ ከረጢት ነው።

በመጨረሻ ሰውየው «ታዲያ የኛ ጥቁር አፈር ዛሬ ለምን ሕይወት አይፈጥርም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ አልተሟሸም። ሁለተኛ፣ በላዩ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አዲስ የተሠራ አር ኤን ኤ ብታስቀምጥላቸው ምሳቸው ያደርጉታል። ስለዚህ ከወንጂ ጭቃ ዘግነህ ጓሮ ውስጥ አትሞክር፣ ጫማህን ነው የምታበላሸው።