ኬለርቢር፦ የፍራንከን ጉሽ ቢራና አቀማመሱ

ኬለርቢር በጀርመን ሰሜን ባቫርያ፣ በተለይም ፍራንከን በሚባለው አካባቢ፣ ሳይጣራና ፓስቸራይዝ ሳይደረግ (ጀርም ለመግደል ሳይሞቅ) ከነእርሾው የሚቀርብ ቢራ ነው። የሚጠመቀው ከገብስ ብቅል፣ እንደ ጌሾ ምሬት ከሚሰጠው ከሆፕስ፣ ከውኃና በቅዝቃዜ ከሚሠራ የላገር እርሾ ነው። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን መልኩ ከወርቃማ እስከ ጠይም ቀይ ይደርሳል።

ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ የሚጠመቅ ቢራ፣ በሞቃቱ ወራት ቶሎ ይበላሽ ነበር። በባቫርያ በ1553 የወጣ ደንብ ጠመቃን ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23 ባለው ጊዜ ብቻ ፈቀደ። ቢራው ለሙቀቱ ወራት እንዲቆይ በአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ ውስጥ ዋሻ ይፈለፈላል፤ መሬቱ እንዳይሞቅ ከላዩ ጥላ የሚጥሉ ዛፎች ይተከላሉ። ከዛፎቹ ሥር ወንበር ተዘርግቶ ቢራውን እዚያው መሸጥ የተጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። በፎርኽሃይም ከተማ ዳር ያለው የኬለርቫልድ ደን ዛሬም በእንዲህ ያሉ ዋሻዎች የተሞላ ነው፤ በጁላይ መጨረሻ የሚውለው የአና በዓልም እዚያው ይከበራል። በብዙዎቹ ቦታዎች ቢራውን እዚያው እየገዙ ምግቡን ከቤት ይዞ መምጣት የቆየ ልማድ ነው።

የኬለርቢርን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጋዙ ነው። በተለመደው ላገር መብላላቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ታንኩ ይዘጋና እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በግፊት ቢራው ውስጥ ይቀራል። በጥንቱ አሠራር ግን በርሜሉ ሳይወተፍ ስለሚቆይ ጋዙ ይወጣል፤ ጀርመኖች ይህን ኡንገሽፑንደት ይሉታል። ስለዚህ አረፋው ትንሽ ቢሆንና ቶሎ ቢወርድ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ጋዙ ምላስን ስለማይወጋ የብቅሉ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። በባምበርግ ከተማ በማርስ ብሮይ ጠማቂ ቤት ይህንኑ ቢራ የሚፈልግ ሰው «አ ኡ»፣ ማለትም «አንድ ኡንገሽፑንደት»፣ ብሎ ያዝዛል፤ ከቡተንሃይም የሚመጣው የቅዱስ ጊዮርጊስ ብሮይም በዚህ ዓይነቱ የታወቀ ነው።

ለመቅመስ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማል። ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ የእርሾውና የብቅሉ ሽታ ይታፈናል። በአገሩ በሸክላ ኩባያ ይጠጣል፤ ጉሽነቱን ለማየት ግን ብርጭቆ ይሻላል። ብርጭቆው ቅባትም ሳሙናም የሌለበት ይሁን፤ አለዚያ ያለችው ጥቂት አረፋም ትጠፋለች። ድፍርስነቱ እኩል የተሰራጨ ጭጋግ መምሰል አለበት። እንደ ብጥስጣሽ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ቢራው ሳይቆይ አልቀረም። ሲያሸቱት የሊጥና የትኩስ ዳቦ ሽታ ይቀድማል። መጀመሪያ ላይ የክብሪት የሚመስል ትንሽ ሽታ ቢኖር በጥቂት ደቂቃ ይለቅቃል፤ ለወጣት ላገር ነውር አይደለም። አፍ ውስጥ ለስለስ ያለና ሙሉ ሆኖ መጨረሻው ላይ የሆፕስ ምሬት ይከተላል።

የቅቤ ሽታ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ቢራው ታች ከዘቀጠው ዋና እርሾ ቶሎ ተለይቷል፤ እርሾው ዳያሴቲል የሚባለውን ውህድ መልሶ የሚበላበት ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። የአረንጓዴ ፖም ሽታም ቢራው ሳይበስል እንደወጣ ይናገራል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። የእንጨት በርሜል ከላይ ተከፍቶ ከታች ሲቀዳ በወጣው ቢራ ልክ አየር ስለሚገባ፣ አንዴ የተከፈተ በርሜል በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው መኮምጠጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከላክቲክ ባክቴሪያ፣ አንዳንዴም ካልታጠበ የመቅጃ ቱቦ ይመጣል።

ጠርሙስ ከሆነ እርሾው ታች እንዲዘቅጥ ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ይደር። መጀመሪያ ሦስት አራተኛውን ቀስ ብሎ መቅዳት፣ የቀረውን ጠርሙሱ ውስጥ ማዞርና መጨመር። የንጹሑን ጣዕም ከእርሾው ጋር ማነጻጸር የፈለገ ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ ለይቶ ይቅመስ።