ሁለት ሆነን ዓሣ እናርባ ስትሉ፦ በአኳሪየም ዲዛይን ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጓደኛ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ዓሣ ማርባት ደስ የሚል ሥራ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዓሣው ሳይገባ፣ ገና የመስታወት ገንዳው (አኳሪየሙ) ምን ይምሰል ሲባል ነው። አንዱ ሳሎን የሚያሳምር ነገር ያስባል፤ ሌላው የዓሣ ጫጩት ይቆጥራል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለሚጀምሩ ሸሪኮች፣ መስታወት ከማስቆረጣቸው በፊት ቢያጠሯቸው የምላቸውን ነገሮች ላንሳ። የተቆረጠ መስታወት አይመለስማ።

«አንድ ትልቅ የሚያምር ገንዳ ይበቃናል»

እውነታው፦ ለማየት ይበቃል፤ ለማርባት አይበቃም። ለጀማሪ የሚመከረውን ጉፒ የሚባለውን ትንሽ ጌጠኛ ዓሣ እንውሰድ። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩት ይወልዳል። እናትየዋ በ4 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ከዚያ ያገኘችውን ጫጩት ትበላለች። ሌሎቹም አይምሯቸውም። ስለዚህ ለወላጆች አንድ፣ ለጫጩቶች አንድ፣ ለማሳደጊያ አንድ፣ በትንሹ ሦስት ገንዳ ያስፈልጋል። ቀለም መርጠን እናራባለን ካላችሁ ደግሞ ወንድና ሴቱን ገና በጠዋቱ መለየት አለባችሁ። ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት በሆዷ ማቆየት ስለምትችል፣ ካረገዘች በኋላ መለየት ዋጋ የለውም።

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል። እንዲህ ያሉ ሦስት ገንዳዎች ለሥራው ከአንድ ግዙፍ ገንዳ ይሻላሉ። አንዱ ጋ በሽታ ቢገባ ሌሎቹ ይተርፋሉ። ያ ውበት የሚፈልገው ሸሪክም ቅር አይበለው፤ የወላጆቹ ገንዳ በተክል ቢያጌጥ ማንንም አይጎዳም። የጫጩቶቹ ግን ወለሉ ባዶ መስታወት ይሁን። ጠጠር ውስጥ የገባ ምግብ ይበሰብሳል፤ ለማጽዳትም ያስቸግራል።

«የቤቱ ጠረጴዛ ይሸከመዋል»

እውነታው፦ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 100 በ50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል። መስታወቱና አሸዋው ሲጨመር ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ሦስት ኩንታል ጤፍ የቡና ጠረጴዛ ላይ የሚጭን ሰው የለም። ብረት መቆሚያ አስበይዱ፤ መሬቱ ልኩን የጠበቀ ይሁን፤ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም አንጥፉ። ሲሊኮኑንም ስትገዙ ለአኳሪየም የሚሆን ብላችሁ ጠይቁ። ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ዓሣ ሊገድል ይችላል።

«ገንዳው ከፍታው ሲረዝም ያምራል፣ ብዙም ይይዛል»

እውነታው፦ የውሃ ግፊት የሚጨምረው በጥልቀት ነው። ገንዳው ከፍ ባለ ቁጥር ወፍራም መስታወት፣ ማለትም ብዙ ብር ይጠይቃል። ኦክሲጅን የሚገባው ደግሞ በውሃው ገጽ በኩል ነው። ሰፊና ዝቅ ያለው ይመረጣል።

«አገራችን ሞቃት ነው፤ ማሞቂያ ለምን?»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። ገንዳው ማን ቤት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ይኼ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ። ጉፒ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ደህና ይራባል። የታኅሣሥ ሌሊት ያንን አይሰጥም፣ ደብረ ማርቆስ ላይማ ጨርሶ። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ለ1 ሊትር 1 ዋት የሚሆን ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያዙ። ገንዳዎቹን ተበታትነው ከማስቀመጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ደርድሩ፤ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ቶሎ አይሸሽም። ደጋ ላይ ሆናችሁ ማሞቂያ አንፈልግም ካላችሁ ጎልድፊሽ አስቡ፤ በ18 እና በ22 ዲግሪ መካከል ይመቸዋል። ሲያድግ ግን ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። 2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የገንዳ መመሪያ ላይ «20 ዓሣ ይይዛል» ቢል እናንተ ቀንሱ፤ የአየር ፓምፕም አይቅር። ፓምፑን ከውሃው ደረጃ በላይ ስቀሉት። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል፤ ወለሉንም ያጥለቀልቃል።

«ጣና አጠገባችን ነው፤ ከዚያ አምጥተን እናራባ»

እውነታው፦ ሁሉም አይሆንም። ጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባሉ፣ ከ10 የሚበልጡት በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ያሉ ዝርያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው፣ ጠጠር ላይ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይራባሉ። ቆሞ የዋለ ገንዳ ያንን አይሆንላቸውም። አምባዛም ቢሆን በእርባታ ውስጥ እንቁላል እንዲጥል አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን መርፌ ይወጋል። ቆሮሶ ይሻላል፤ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። ግን ወንዱ ጉድጓድ የሚቆፍርበት አሸዋ ይፈልጋል፣ ቦታ ሲጠብም ሴቷን ደብድቦ ይገድላል። ለ54 ሊትር ገንዳ የሚሆን ዓሣ አይደለም።

«ውሃ ሞልተን ነገ ዓሣ እናስገባ»

እውነታው፦ የዓሣ ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ላይ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለጫጩት የስፖንጅ ፊልተር ይበቃል፤ ትንንሾቹን ስቦ አያስገባም። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት፤ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ውሃውንም በየሳምንቱ ከአራት አንድ እጅ ያህሉን ቀይሩ እንጂ ሙሉውን አትድፉት።

«ጓደኛሞች ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

እውነታው፦ ዲዛይኑን አብራችሁ በእጅ ሣሉት፤ ልኬቱን፣ ሶኬቱንና የውሃ መቅጃውን ሳይቀር። የመብራት ሒሳብ የማን እንደሆነ፣ ለፋሲካ አንዱ አገር ቤት ሲሄድ ማን እንደሚያበላ ጻፉ። ትልልቆቹ ጥቂት ቀን ሳይበሉ ይቆያሉ፤ ጫጩቶች ግን በቀን ደጋግመው መብላት አለባቸው።

«ከበዙ ጣና ወይም ዓባይ እንለቃቸዋለን»

ይኼንን በፍጹም! የውጭ ዝርያ በሽታ ሊያስገባና ሌላ ቦታ የሌሉትን የጣና ዓሦች ሊሻማ ይችላል። የተረፈውን ለሌላ አርቢ ስጡ ወይም ሽጡ። ገዢ እስኪገኝ ማቆያ የሚሆን ተጨማሪ ገንዳም ሥዕሉ ላይ ካሁኑ ቦታ ያዙለት።