የጣና ዳር ታሪክ በዕቃ ቤትና በአልበም

በጣና ገዳማት ከቤተ መቅደሱ ቀጥሎ የሚፈራውና የሚከበረው ቤት ዕቃ ቤቱ ነው። መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ ብራናው፣ ጽናውና ከበሮው እዚያ ይቀመጣል። ኃላፊው ሲቀየር ንብረቱ በቆጠራ ይረከባል እንጂ ቁልፉ ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። መዝገቡ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ነው። በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ማን ምን እንደ ሰጠ፣ የትኛው መሬት ለየትኛው ደብር ጉልት እንደ ሆነ፣ እነማን ምስክር እንደ ነበሩ ተጽፎ ይገኛል። ለዚህ ነው ስድስት መቶ ዓመት የሞላው ወንጌል ባለቤቱም ቦታውም የሚታወቀው፣ ስልሳ ዓመት ያልሞላው የባሕር ዳር ፎቶ ግን ማን እንደ ሆነ የሚነግርልን የሚጠፋው። የከተማዋ ታሪክ ያለው በየሰው ቤት ነው፤ ንብረቱን ቆጥሮ የሚረከብ ቄሰ ገበዝ የለውም።

የሐይቁ የቆየ ቅርስ በብዛቱ ያስገርማል። በዳጋ እስጢፋኖስ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲል አፅም ተጠብቆ ይገኛል። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት ለጎብኚ ይታያሉ። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል፤ ካሜራ ባልነበረበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለታሪክ የተነሱት ፎቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች አብዛኞቹ በጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለሆኑ ጣሪያ ካፈሰሰ ጨርቁ ይነሳል፣ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል።

የክብራን ገብርኤል ነገር ለብቻው ይነሳ። ደሴቲቱ ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ናት፤ ነገር ግን ሴት አይገባባትም። ስለዚህ በሥዕል ያጌጠውን የክብራን ወንጌል ግማሹ የአገሬው ሰው ሊያየው የሚችለው በፎቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ከአዋጁ ቁጥር በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣናን ብራናዎች በፊልም አንስቶ ዝርዝራቸውን ከ1973 ጀምሮ አሳትሟል። በ1973 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ፕሮጀክትም በመላው አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንስቷል። ዋናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቅጂው ይተርፋል። ስጋቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም፦ በ1932 የፈረንሳዩ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ነቅሎ የወሰዳቸው ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ ናቸው።

ሰውንና ኑሮን በፎቶ ያስቀሩት መጀመሪያ እንግዶች ናቸው። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን ሐይቁንና አባይን እየዞረ ካርታ አነሳ፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉም የዚያን ዘመን ፎቶዎች አስቀርቷል። ባሕር ዳር ያኔ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች መንደር ነበረች። በዚያው ዓመት ጣሊያን ገባ፤ በ1937 ደግሞ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ሐይቁን ሊመረምር መጣ። የጣሊያን ወታደሮችም በየኪሳቸው ካሜራ ነበራቸው። ዛሬ ከአውሮፓ ጓዳ እየወጡ በኢንተርኔት ለጨረታ የሚቀርቡት የታንኳና የገበያ ፎቶዎች ከነሱ የቀሩ ናቸው። ቦታው ይጻፍባቸዋል፤ የተነሳው ሰው ስም ግን እምብዛም የለም።

ከተማዋ ከተማ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961፣ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የቆመው ፖሊ ቴክኒክ በ1963፣ የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመሩ። ደመወዝተኛ ሲመጣ ፎቶ ቤት ይመጣል። የተሳለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ መስመር የሌለው ስልክ ጆሮ ላይ፣ አንዳንዴ ትራንዚስተር ሬዲዮ። ለታሪክ ፈላጊ ግን ዋናው ያለው ከጀርባው ነው፦ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት። የአገራችን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ እንደ ወሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፣ አቆጣጠሩን ሳይለይ የሚገምት ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ሊስት ይችላል።

በየአልበሙ ያለው ክፍተትም ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን ስንቱ ቤተሰብ ከጃንሆይ ጋር የተነሳውን፣ ወይም የታሰረ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ያለበትን ፎቶ በገዛ እጁ አቃጥሏል። የአባይ ድልድይ ደግሞ ወታደር የሚጠብቀው፣ ፎቶ ማንሳት የሚከለከልበት ቦታ ስለነበር ሁሉም የተሻገረው ድልድይ በአልበም ውስጥ እምብዛም የለም። በ2024 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ግን ከመከፈቱ በፊት ስንት ሺህ ጊዜ እንደተነሳ የሚቆጥር የለም።

ዕቃ ሁሉ ለሙዚየም አይመችም። ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል፤ ቀጣይነቱ ያለው ታንኳውን በሚሠሩት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ በወይጦዎች እጅ ነው። የድሮ ፎቶ እዚህ ላይ የሚጠቅመው አስተሳሰሩን፣ የቀዛፊውን አቀማመጥና ከኋላ የሚታየውን የደንገል ስፋት ስለሚያሳይ ነው። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ይህ ከኋላ ያለው ነገር ለተመራማሪም ማስረጃ ሆኗል። ሞሰብ፣ ወፍጮና መጅ፣ እንስራ፣ ጋሻ ግን ይቆያሉ፤ ማን እንደተጠቀመባቸው ካልተጻፈ ግን የጌጥ ዕቃ ይሆናሉ።

በፎቶ ላይ ትልቁ ጠላት የክረምቱ እርጥበት ነው። ሻጋታ ይይዘዋል፣ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ በጉልበት ማላቀቅ ምስሉን ይልጠዋል። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ የሚያደርገው ላሚኔሽን በእኔ ግምት ከሻጋታው ይብሳል፤ ሙቀቱና ሙጫው የማይመለስ ነገር ነው። ደረቅና ጨለማ ቦታ፣ አሲድ የሌለው ወረቀት፣ በጀርባ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ስካን ሲደረግ ከ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት) ባላነሰ፣ ከነጀርባው። ኔጋቲቩ ካለ ከታተመው ፎቶ ይልቅ እሱ ይቅደም።

ሕግም አለ። የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ነገር ግን አልበሙን ተሸክሞ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ቤተሰብ የለም፤ ፎቶ ቅርስ ነው ብሎ የሚያስብም ጥቂት ነው። አልበሙ ከሳጥን የሚወጣው አንድ ሰው ሲሞት ነው። ለለቅሶው የሚያድግ ፎቶ ይፈለጋል፣ የተሻለው ይነቀላል፣ ፎቶ ቤት ይላካል። ያደገው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ትንሹ፣ ከጀርባው የተጻፈበት፣ ብዙ ጊዜ ፎቶ ቤት ይቀራል።