ፊዚሽያን አሶሺየት ምንድን ነው? «ቀሪው» የሚባል ነገር የለም

«ፒኤ ማለት ግማሽ ዶክተር ነው። ሁለት ዓመት ትማራላችሁ፣ ደህና ደመወዝ እየበላችሁ ቀሪውን ቀስ ብላችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ ዶክተር!»

ይህን ያለው በቪዲዮ የትምህርት ምክር የሚሰጥ አንድ ወንድማችን ነው። (ፒኤ የፊዚሽያን አሶሺየት አጭር ስም ነው፤ ዶክተር ሳይሆን በሽተኛ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ።) ስሙን አልጠራም። አነጋገሩ ደስ ይላል፣ ሰሚውም ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ጎበዝ ነርስ እሱን ሰምታ «ፒኤ ልግባና ከሦስት ዓመት በኋላ ዶክተርነቱን ልቀጥል» ብላ ደወለችልኝ። እኔ አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል በፒኤነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ወንድሜ፣ «ቀሪው» የሚባል ነገር የለም። የፒኤ ትምህርት የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ አጋማሽ አይደለም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት፣ ባብዛኛው 27 ወር ገደማ የሚፈጅ፣ በማስተርስ የሚያልቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፒኤ ሆኖ ቆይቶ ዶክተር መሆን ያማረው ሰው እንደማንም የመግቢያ ፈተናውን ይፈተናል፣ አንደኛ ዓመት ይገባል፣ አራት ዓመት ይማራል፣ ከዚያ ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰደው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ይቀጥላል። የፒኤ ትምህርቱ አይያዝለትም። (ፔንስልቬንያ ያለ አንድ የኦስትዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ያው ሙሉ ሐኪም የሚያስመርቅ ሌላ ዓይነት የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፣ ለፒኤዎች አራቱን ዓመት ወደ ሦስት የሚያሳጥር ፕሮግራም አለው። ሬዚደንሲው ግን እንዳለ ነው። ይህን የምጽፈው «አንድ አለ እኮ!» የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።)

የስህተቱ ሥር ስሙ ይመስለኛል። የሙያው የመጀመሪያ ስም ፊዚሽያን አሲስታንት ነው። እኛ «የሐኪም ረዳት» አልነው። ረዳት ሲባል ደግሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በር ላይ ቆሞ ሂሳብ የሚቀበለው ልጅ ነው። መሪ አይነካም፤ ነገ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ግን ሾፌር ይሆናል። «ግማሽ ዶክተር» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ልጅ ብዙም አይርቅም።

እስቲ ሌላ ረዳት አስቡ፤ ረዳት አብራሪን። ረዳት አብራሪ ሻይ አያቀርብም። ፈቃድ ያለው አብራሪ ነው፣ አውሮፕላን ያነሳል፣ ያሳርፋል። ፒኤም እንደዚያ ነው። በሽተኛውን ያያል፣ ምርመራ ያዛል፣ በሽታውን ይለያል፣ ያክማል። መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣኑ በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች አለ፤ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ላይ ግን ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ካፒቴኑ፣ ማለትም አብሮት የሚሠራው ዶክተር፣ ሁልጊዜ ጎኑ አይቀመጥም። አንዳንዴ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ በስልክ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ ምሳሌዬ መንገዳገድ ጀመረ፤ ካፒቴኑ መሬት ላይ የቀረበት አውሮፕላን ማንም አይሳፈርም።

ጭራሽ የሚሰበረው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ረዳት አብራሪ በረራ ሲያጠራቅም ካፒቴን ይሆናል። ፒኤ 30 ዓመት ቢሠራ ፒኤ ነው። በሰዓት ብዛት ዶክተር አይሆንም። ለደወለችልኝ ልጅ ያስረዳኋት ይህንኑ ነው። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?» አለችኝ። ራሱ ነው መጨረሻው።

በቅርቡ አንድ ያገራችን ሰው ጣቱን በቢላ ቆርጦ መጣ። ጣቱን እጥፍ ዘርጋ እንዲያደርግ ነገርኩት፣ እኔ በተቃራኒው እየገፋሁ ጅማቱ አለመቆረጡን አየሁ። በሁለቱም ጎን ነካ ነካ አድርጌ ስሜት መኖሩን አረጋገጥኩ። (ይህ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ነው። ከተወጋ በኋላ ጣቱ የማይሰማው በነርቩ ይሁን በመድኃኒቱ መለየት አይቻልም። ተማሪዎች ይህን ስለሚረሱ ሳልጠየቅም እናገረዋለሁ።) አደነዘዝኩ፣ አጠብኩ፣ ስድስት ስፌት ሰፋሁ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን አዘዝኩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዶክተሩ ግን ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለኝ።

አልተቀየምኩትም። ሜዲካል አሲስታንት መስዬው ነው። ሜዲካል አሲስታንት ግፊት የሚለካው፣ በሽተኛውን ወደ ክፍል የሚያስገባው ባለሙያ ነው። የተከበረ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ ሥራ ነው።

«አሶሺየት» የሚለው ስም የተፈለገው ባብዛኛው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሐኪሙ ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የፒኤ ኮርስ ሲከፍቱ የሐኪም እጥረት ነበር። አራት የቀድሞ የባሕር ኃይል የሕክምና ባለሙያዎችን ተቀበሉ፤ የወታደሩ ልምድ እንዳይባክን። በ2021 የአሜሪካ የፒኤዎች ማኅበር ስሙን ወደ ፊዚሽያን አሶሺየት ለወጠ። ኦሪገን በ2024 በሕግ አጸደቀችው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ላይ ግን አሁንም አሲስታንት ነው። ስሙ ሲቀየር ሥልጣን አልተጨመረም። አሶሺየት ከአሲስታንት አንድ ደረጃ ከፍ ይላል የሚል ሰው ካገኛችሁ አትመኑት፤ ሁለቱም ያው አንድ ባለሙያ ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካውን ወሬ ወደዚያ አታዙሩ። እዚያ አሶሺየቶች መድኃኒት የማዘዝ መብት የላቸውም። በሕክምና ምክር ቤቱ መመዝገብ የጀመሩትም በ2024 መጨረሻ ነው። በ2025 ፕሮፌሰር ጂሊያን ሌንግ የመሩት የመንግሥት ግምገማ ጭራሽ ስሙ ወደ አሲስታንት ይመለስ አለ፤ በሽተኛው ሐኪም ያየው እንዳይመስለው። የእኛን ታሪክ በግልባጩ ማለት ነው።

መካሪያችን ዝም ያለው ነገር አለ፤ ፒኤ ከዶክተር የሚበልጥበት። የአጥንት ሐኪም ቆዳ ሐኪም ልሁን ቢል ሬዚደንሲ እንደገና ነው። ፒኤ ፈቃዱ ለአንድ ዘርፍ ስላልተሰጠ ሥራ ቀይሮ ይሄዳል። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራሁት አጥንት ክፍል ነው። ፈቃዱ ይሻገራል፣ እውቀቱ ግን አብሮ አይሻገርም። ድንገተኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሰዓቱ ሰው እጠይቅ ነበር።

በአገር ቤት ዶክተር ሆናችሁ የመጣችሁ ደግሞ፣ «ፈተናውን ብቻ ተፈትናችሁ ፒኤ ሁኑ» የሚላችሁን አትስሙ። ባለ 300 ጥያቄው አገር አቀፍ ፈተና የሚፈቀደው እውቅና ካለው የአሜሪካ የፒኤ ፕሮግራም ለተመረቀ ብቻ ነው። ስፔሻሊስት ብትሆኑም።

ነርሷ ትናንት መልሳ ደውላ ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ።