ክሌም ሌላ፣ ስትራይክ ሌላ

የአማርኛ ፊልም ከቪሲዲ ሱቅ ወደ ዩቲዩብ ከዞረ ወዲህ ሁለት የቅጂ መብት ነገሮች፣ ክሌም (በቪዲዮው ላይ የሚቀርብ የይገባኛል ጥያቄ) እና ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ማስጠንቀቂያ)፣ እየተምታቱ ነው።

ክሌም በአብዛኛው የሚመጣው ከኮንቴንት አይዲ፣ ማለትም ከዩቲዩብ የቅጂ መብት መፈተሻ ሲስተም ነው። ባለመብቱ ሥራውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ሲስተሙ አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ድምፁ ወይም ምስሉ ከገጠመ፣ ባለመብቱ እንደመረጠው ቪዲዮው ይታገዳል፣ የማስታወቂያው ገቢ ለእሱ ይሆናል፣ ወይም የተመልካቹን ቁጥር ብቻ ይከታተላል። ቪዲዮው እንዳለ ብሩ ሌላ ኪስ ሊገባ ይችላል ማለት ነው፤ ቻናሉ ግን በዚህ ብቻ ስትራይክ አይመዘገብበትም።

«የራሴን ፊልም ጭኜ እንዴት ክሌም ይመጣብኛል?» የሚል ፕሮዲውሰር አይጠፋም። ካፌው ውስጥ ተዋንያኑ ሲያወሩ ከጀርባ የሚሰማውን ዘፈን ይመልከት። ፊልሙ የእሱ ነው፤ ዘፈኑ ግን ባለቤት አለው። ወይም የኢንተርኔት መብቱን ቀድሞ ለአከፋፋይ ፈርሞ ሰጥቶ ረስቶታል (ውል ሳያነቡ መፈረም ለምዶብን የለ!)።

ስትራይክ ከበድ ይላል። ባለመብቱ «ይውረድልኝ» ብሎ ሕጋዊ ጥያቄ ያቀርባል፣ ተቀባይነት ካገኘ ቪዲዮው ይነሳል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከተጠራቀመ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ከሥር «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ ከሁለቱም አያድንም።