ኬሪ ጄምስ ማርሻል፦ ጥቁርን አጥቁሮ የሚስለው ሠዓሊ

ኬሪ ጄምስ ማርሻል ቺካጎ የሚኖር አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ዋና ሥራው ጥቁር ሰዎችን መሳል ነው። ሰዎቹ ቡናማ ወይም ጠየም ያሉ አይደሉም። ድቅድቅ ያለ ጥቁር ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ጥላ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ የአንገቱ ጡንቻ ቀስ በቀስ ይወጣል። የዚህን ልፋት ደግሞ ብሩሽ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

የተወለደው በ1955 በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ያኔ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩባት ነበረች። በ1963 አራት ጥቁር ልጃገረዶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቦምብ የተገደሉትም እዚያው ነው። በዚያው ዓመት የማርሻል ቤተሰብ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዋትስ ሰፈር ገባ። በ1965 ዋትስ በአመፅ ተቀጣጠለች፤ 34 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታና ጊዜ ያደገ ሰው ኃላፊነት ሳይሰማው ሊቀር እንደማይችል ማርሻል ራሱ ተናግሯል።

ሥዕል የጀመረው ግን በፖለቲካ አይደለም። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪው ሥዕልና ፎቶ እየለጠፈች የምታጠራቅምበት ደብተር ነበራት። ያንን ሲያገላብጥ እሱም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደሚፈልግ ወሰነ። ትንሽ ከፍ ሲል ሙዚየም መመላለስ ጀመረ። የወደዳቸው ትልልቅ ሥዕሎች ላይ የሚያያቸው ሰዎች ግን ነጮች ነበሩ። ጥቁር ከተገኘም አገልጋይ ሆኖ፣ ጥግ ይዞ ነው።

በዚህ መሀል ቻርልስ ዋይትን አገኘ። ዋይት የጥቁር ሕዝብን ኑሮ በክብር በመሳል የታወቀ፣ በሎስ አንጀለሱ ኦቲስ የሥነ ጥበብ ተቋም የሚያስተምር ሰው ነበር። ማርሻል ገና ታዳጊ ሳለ የዋይትን ስቱዲዮ የማየት ዕድል አገኘ። ጥቁር ሰው ሠዓሊ ሆኖ፣ እጁ ቀለም ነክቶ፣ ያልተጨረሱ ሥራዎች ከበውት አየ። በኋላ እዚያው ኦቲስ ገብቶ ተማረና በ1978 ተመረቀ።

መለያው የሆነው ሥራ የመጣው በ1980 ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም ወረቀት ላይ የተሠራ የራሱ ምስል ነው። ከጥቁር ግድግዳ ፊት ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ጥቁር ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ዐይን ውስጥ የሚገባው የዐይኑ ነጭ፣ የሸሚዙ ነጭና ፍንጭት ጥርሱ ብቻ ነው። ሰውዬው አለም፣ የለምም። መነሻ የሆነው የራልፍ ኤሊሰን ልቦለድ ነው። የመጽሐፉ ተራኪ በሰዎች መሀል እየኖረ ማንም የማያየው ጥቁር ሰው ነው። ማርሻል ያንን ሐሳብ ወደ ቀለም ችግር ለወጠው፦ ጥቁርን በጥቁር ላይ እንዴት አድርጎ ማሳየት ይቻላል? ፈገግታው ነጮች ጥቁሮችን ሲያላግጡ የሳሏቸውን ካርቱኖች ያስታውሳል። ሆን ብሎ ነው። ያንን ስድብ አንስቶ የራሱ መሣሪያ አደረገው።

ለእኔ የማርሻል ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ጥቁር ቀለምን ያጠናበት መንገድ ነው። ከማንኛውም ቀለም መሸጫ የሚገኙ ሦስት ዓይነት ጥቁሮችን ወሰደ። አንዱ ከተቃጠለ አጥንት፣ አንዱ ከካርቦን፣ ሌላው ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ነው። እነዚህን ከሰማያዊ፣ ከአረንጓዴና ከሐምራዊ እያዋሃደ ሞቅ ያሉና ቀዝቀዝ ያሉ ጥቁሮችን አወጣ። ብዙ ሠዓሊ የፊትን ቅርጽ የሚያወጣው ነጭ ጨምሮ እያፈካ ነው። ማርሻል ግን ሳያፈካ፣ ጥቁርን ከሌላ ጥቁር ጎን አስቀምጦ ያወጣዋል። ነጭ ቢጨምር ይቀለው ነበር። አላደረገም፤ እዚህ ላይ የዕደ ጥበቡ ምርጫና አቋሙ አንድ ናቸው።

በ1987 ቺካጎ ገባ። በ1993 ትልቅ ሸራ ያዘና አንድ ፀጉር ቤት ሳለ። ሥዕሉ ከ3 ሜትር በላይ ይሰፋል። በአውሮፓ ሥዕል ይህን ያህል ስፋት የሚሰጠው ለንጉሥ፣ ለጦርነት ወይም ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነበር። እሱ የሰጠው ፀጉሩን ለሚስተካከል የሰፈር ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ራሱ ዙሪያ ብርሃን አለ። ሥዕሉን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ገዛው።

ቀጥሎ በ1994 እና 1995 አምስት ሥዕሎች በተከታታይ ሠራ። ሁሉም ስማቸው ላይ «ጋርደንስ» የሚል ቃል ያለባቸውን የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ያሳያሉ። አንዱ ራሱ በልጅነቱ የኖረበት የዋትሱ ኒከርሰን ጋርደንስ ነው። እነዚህ ሰፈሮች በዜና የሚነሱት በወንጀልና በድህነት ነበር። ማርሻል ከቺካጎው ስቴትዌይ ጋርደንስ የሳለው ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ክራቫት ያሰሩ ሦስት ሰዎች አበባ ሲተክሉ ነው። ከላይ ባለው ሪባን ላይ «በእናቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከዮሐንስ ወንጌል የመጣ ነው፤ አባትን በእናት ቀይሮታል።

በ2012 ደግሞ የሴቶች የውበት ሳሎን ሳለ። ብዙ ሰው የማርሻል ምርጥ ሥራ ይለዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ክፍሉ ደማቅ ነው፤ ሴቶቹ ለብሰውና አጊጠው ይታያሉ። መሀል ወለሉ ላይ ግን የተጣመመ ነገር አለ። ከጎን ሆነው ሲያዩት የካርቱን ልዕልት ጭንቅላት ነው፣ ፀጉሯ ቢጫ። ዘዴው ጀርመናዊው ሠዓሊ ሆልባይን በ1533 በሳለው ሥዕል ላይ የራስ ቅል የደበቀበት ነው። ሆልባይን ሞትን አስቀመጠ። ማርሻል ያስቀመጠው ጥቁር ሴቶች ሲለኩበት የኖሩትን የነጭ ውበት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። አንድ ሕፃን ብቻ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆነች ሊያጣራ ይሞክራል።

ዋጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰማይ ነካ። በ1997 የሠራውን፣ ጥቁር ቤተሰብ ሐይቅ ዳር ሲዝናና የሚያሳይ ሥዕል አንድ የቺካጎ የሕዝብ ተቋም በ25,000 ዶላር ገዝቶት ነበር። በ2018 ኒው ዮርክ በጨረታ ሲሸጥ 21.1 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ያኔ በሕይወት ላለ ጥቁር ሠዓሊ ከተከፈለ ዋጋ ሁሉ ትልቁ ነበር። በዚያው ዓመት የቺካጎ ከተማ አስተዳደር በ1995 ለአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በ10,000 ዶላር ያሠራውን ሥዕል ለጨረታ ሊያቀርብ ተነሳ። ማርሻል ተቃወመ፣ ሌሎችም ጮኹ፤ ዕቅዱ ተሰረዘ። ደግ ተደረገ። ልጆች መጽሐፍ ፍለጋ ሲመጡ የሚያዩት ሥዕል ከሀብታም ሳሎን ይልቅ እዚያ ነው ቦታው።

ገንዘቡን እንዴት እንደሚያየው በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ሥራው ይታወቃል። ካቴድራሉ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ደግፈው የተዋጉትን የጄኔራሎቹን የሊንና የጃክሰንን ምስል የያዙ ባለ ቀለም መስኮቶች በ2017 አነሳ። ምትኩን ማርሻል ነደፈው፤ ለፍትሕ ሰልፍ የወጡ ጥቁር ሰዎች ናቸው። በ2023 ተመረቀ። የተቀበለው ክፍያ 18 ዶላር ከ65 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ያበቃው በ1865 ነዋ።

በመስከረም 2025 ለንደን ሮያል አካዳሚ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ከፈተለት። እዚያ ካሳያቸው አዳዲስ ሥራዎች መካከል አፍሪካውያን ራሳቸው በባሪያ ንግድ ውስጥ የነበራቸውን ድርሻ የሚያነሱ አሉ። ብዙ ሰው ሊያልፈው የሚመርጠው ርዕስ ነው። ማርሻል ግን ሰዎቹን ሲስላቸው ቅዱስ አያደርጋቸውም፤ ያጌጡ፣ የሚነግዱ፣ የሚያተርፉ፣ የሚያጠፉም ሰዎች ናቸው። ቆዳቸውም ያው ፀጉር ቤት ውስጥ የምናውቀው ድቅድቅ ጥቁር ነው።