ሳራማካን፦ «የተሰበረ እንግሊዝኛ» ያልሆነው ክሪዮል

«ክሪዮል» ሲባል ብዙ ሰው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ይመስለዋል። በፍጹም! ቋንቋዎች ተቀላቅለው የወለዱት፣ ልጆች አፍ የሚፈቱበት ሙሉ ቋንቋ ነው።

በደቡብ አሜሪካ ባለችው አገር በሱሪናም የሚነገረውን ሳራማካን እንይ። ተናጋሪዎቹ ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡ አፍሪካውያን ዘሮች ናቸው። አባቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1762 ከኔዘርላንድ ገዢዎች ጋር ተዋውለው ነፃነታቸውን አስከብረዋል።

ውኃን «ዋታ» ይላሉ፤ ከእንግሊዝኛ ነው። ቢላዋን «ፋካ» ይላሉ፤ ይኼ ደግሞ ከፖርቱጋልኛ። ለምን ሁለቱም? ቅኝ ግዛቱን በ1651 የመሠረቱት እንግሊዞች ናቸው፤ ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አይሁዶችም እዚያ ሰፋፊ እርሻ ነበራቸው። ኔዘርላንዶች በ1667 ቢረከቡትም የእነሱ ቃላት ያንሳሉ።

አፍሪካስ? ለእኔ ዋናው ይኸ ነው። ፎንና ኪኮንጎ የተባሉት የአፍሪካ ቋንቋዎች ቃላት ብቻ አልሰጡም። በሳራማካን ድምፅን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ የቃሉን ትርጉም ሊለውጠው ይችላል፤ ይኼ ከአፍሪካ የመጣ ነው።